አንድ ረድፍ ዝቅ ብሎ

እትዬ አምሳለ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡት። በጥቁር ክር ታስሮ ከነጠላቸው ሥር ሲንጠለጠል አሥራ አራት ዓመት የከረመ ትንሽ የሳጥን ቁልፍ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲያኖሩት ድምፅ እንኳ አላሰማም።

«ይኸው» አሉ። «ክሩ ግን የራሴ ነው። ፈትቼ ልውሰደው ወይስ እሱም ይመርመር?»

ከአምስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ፈገግ ሊል ከጀለና ተወው። ሰብሳቢው ጋሼ ፊልጶስ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። ከጠረጴዛው ዳር ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ፀጋነሽ አንገቷን ደፍታ ጻፈች፦ «እህት አምሳለ የጸሎት ርዕስ ከመሰብሰብ አገልግሎት ለጊዜው እንዲያርፉ በአንድ ድምፅ ተወስኗል።» «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል በብዕሩ ደግማ አደመቀቻት፤ ያቺ ቃል ሴትዮዋን የምታድን ይመስል።

በዚያች የእንጅባራ የወንጌላውያን አጥቢያ ከጸሎት ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። ችግሩን ቆሞ መናገር የሚያፍር ሰው በወረቀት ጽፎ አጥፎ ያስገባዋል። ዓርብ ዓርብ እትዬ አምሳለ ሳጥኑን ከፍተው ወረቀቶቹን ለፀጋነሽ ያመጣሉ። ፀጋነሽ በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ላይ በግራ ስም፣ በቀኝ ርዕስ አድርጋ ትመዘግባለች፤ ከዚያ ስሙን ሰውራ ርዕሱን ብቻ አትማ ለስድስቱ ጸሎተኞች ትሰጣለች። ወረቀቶቹን እትዬ አምሳለ እዚያው በምድጃ ያቃጥሏቸዋል። እንግዲህ የትኛው ችግር የማን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ከሁለቱ አንዷ መናኸሪያው በር ላይ ልብስ የሚሰፉ፣ ሴቱ ሁሉ ማሽናቸውን ከቦ የሚያወጋ፣ ራሳቸውም ጨዋታ የሚወዱ ሴት ናቸው። ሌላዋ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ የማትናገር ሴት ናት። ሽማግሌዎቹ ማንን እንደሚጠረጥሩ ለመወሰን ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም።

የወጣው የይኸነው ምስጢር ነው። ይኸነው በቀርቀሃ ወንበርና አልጋ የሚሠራ፣ አገሩ ጥርባ የሆነ ሰው ነው። አባቱ አያ ቢያድግልኝ ከእነ ሙሉ ዘመዳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። ይኸነው ወደዚህች አጥቢያ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አባቱ ግን አያውቁም። በወረቀቱ ላይ የጻፈው ይህንኑ ነበር። አባቴ ቤት ስገባ ከእሱ ጋር እጾማለሁ፣ ከእሱ ጋር መስቀል እሳለማለሁ፣ ሳይሞትብኝ እውነቱን በገዛ አፌ እንድነግረው አቅም ለምኑልኝ ብሎ ነበር የጻፈው። ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት አባቱ ነገሩን ገበያ መካከል ከሰው አፍ ሰሙት።

ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይኸነው ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሸ ነበር የተናገረው።

«አላባረረኝም። ቢያባርረኝ በወደድሁ። ‹እሽ፣ ሃይማኖትህንስ ለወጥህ› አለኝ። ‹መሬቴን ለከሰል ዛፍ ተካዮች አከራይተህ ከተማ ልትጠቃለል ሞቴን ነው የምትጠብቅ?› አለኝ። እኔ ስለ መሬት ያሰብሁት ነገር የለም! በሳጥኑ ባስገባሁት ወረቀት ላይ ስለ መሬት አንድ ቃል የለም። ይህን ከየት አመጡት?»

«ወሬ መንገድ ላይ ይወልዳል» አለ አንዱ ሽማግሌ።

የፀጋነሽ ብዕር እዚያ ላይ ቆመ። የመሬቱ ነገር የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን ቀን በስንት ሰዓት ከይኸነው ስም ሥር እንደገባ ታውቃለች። ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። አንድ ሌላ ሰው ካልኖረ በቀር።

አልተናገረችም። ይኸነው ወጣ፤ እትዬ አምሳለ ተጠሩ።

«በመጽሐፉ ልማልላችሁ?» አሉ እትዬ አምሳለ ገና ሳይቀመጡ።

«እኛ አንምልም፣ እህት አምሳለ» አሏቸው ጋሼ ፊልጶስ በለሆሳስ።

«ችግሩ ይኸው ነዋ! በአገሬ ቢሆን አፈርሳታ ይወጣ ነበር። አገሬው ሁሉ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ተራ በተራ ቆሞ፣ ያየውን ያላየውን ተናግሮ ይምላል። ሌባም ቢሆን ቃሉ ይሰማል። እናንተ አላስማላችሁኝ፣ አልጠየቃችሁኝ፤ ‹ቁልፍ አምጪ› ብቻ።»

ከዚያ ነው ቁልፉን ከአንገታቸው ያወጡት።

ሽማግሌዎቹ ሲበተኑ ፀጋነሽ ቃለ ጉባኤውን ልትገለብጥ ቢሮ ቀረች። ላፕቶፑን ከፈተችው። ከመግቢያው ገጽ ላይ እንደ ወትሮው «ጢሞቲዎስ» የሚል ስም መጣ።

ላፕቶፑ የባሏ ነበር። ከሞተ በኋላ ቤት አስቀምጣ ልታየው አልቻለችም፤ ልትጥለውም አልሆነላትም፤ ለአጥቢያዋ ሰጠችው። ሰዎቹ አጨበጨቡላት። ውስጡ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያልተገዛ፣ የተሰበረ ቅጂ እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ጢሞቲዎስ ራሱ ነበር የጫነው፤ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው። እንዲህ ያለ ቅጂ አፕዴት ከተደረገ ባለቤቶቹ ይነቁበታል። ገጹ ይጠቁራል፣ «ሐሰተኛ ነው» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉን አጥፍቶ እንደገና ከመጫን በቀር መላ የለውም። ስለዚህ አፕዴቱ ተዘግቶ ነበር የኖረው። በከተማው ባሉ መሥሪያ ቤቶችም አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው አፕዴቱን መዝጋት ነው፤ ዳታ ይበላል ተብሎ። የሚገርመው ሰው የለም።

በጥቅምት ወር በዚያው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሽቦ አልባ ኔትወርክ ክፍል ላይ ክፍተት መገኘቱን አንብባ ነበር። ነገሩ ለባለሙያ ቀላል ነው። አንድ ኮምፒውተር ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ መጀመሪያ በምስጢር ቁልፍ ይስማማሉ፤ ከዚያ ወዲህ በአየር ላይ የሚሄደው ሁሉ በዚያ ቁልፍ ተቆልፎ ይሄዳል። ክፍተቱ ያለበት ኮምፒውተር ግን፣ በቅርብ ያለ ሰው ከስምምነቱ አንዱን ቃል ደግሞ ሲልክለት ይታለላል፤ አንድ ጊዜ የተጠቀመበትን ቁልፍ እንደ አዲስ አድርጎ ይጀምረዋል። ያን ጊዜ ሰውየው ፓስወርዱን ሳያውቅ በአየር ላይ የሚያልፈውን ማንበብ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ አፕዴት ነበር። ፀጋነሽ በኅዳር ባሕር ዳር ለሥልጠና ስትሄድ በፍላሽ አውርዳ አመጣችው። የመሥሪያ ቤቷን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ጫነችላቸው። ይህኛውን ተወችው።

ለራሷ ‹ማን መጥቶ የጸሎት ወረቀት ሊሰርቅ› አለች። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሁሉን አጥፍታ እንደገና ብትጭነው፣ ስትከፍተው የሚመጣው ስም አይመጣም።

የይኸነውን ወረቀት በመዘገበችበት ዓርብ የሆነውን አሁን ቁጭ ብላ አሰበችው። የይኸነው ጽሑፍ ረዥም ነበርና ሁለት ረድፍ ያዘ። ከእሱ ቀጥሎ የደጊቱ ነበር። ደጊቱ ከአዲስ ቅዳም ከተማ የመጣች፣ የአባቷን መሬት ለከሰል ዛፍ አከራይታ እዚህ ልትኖር የምታስብ ሴት ናት። ፀጋነሽ ስትጽፍ የደጊቱ ስም አንድ ረድፍ ዝቅ ብሎ ገባ። ስለዚህ የመሬቱ ነገር ያለ ስም ከይኸነው ሥር ተቀምጦ፣ ላየው ሰው የይኸነው ሁለተኛ ልመና መሰለ። ማተሚያው በጓዳው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው፤ ሰነዱን በዋይፋዩ ላከችው፤ ጓዳ ገብታ ስትከፍተው ስሕተቷን አየች። ተመልሳ አስተካከለች፣ ደግማ ላከች፣ የቀደመውን አጠፋች። ይኸነው የመሬት ሐሳብ ያለው ሰው ሆኖ የኖረው አራት ደቂቃ ያህል ነው። በአየር ላይ።

ከወረቀቱ የወጣ ወሬ ቢሆን የመሬቱ ነገር ባልተከተለው ነበር። እትዬ አምሳለ አልተናገሩም።

ዓርብ ጠዋት ከሥራ አስፈቅዳ ቢሻው ዘንድ ሄደች። የቢሻው የስልክ መጠገኛ ሱቅ ከአጥቢያዋ ግቢ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። በቀደም ሳምንት በበሩ ስታልፍ «እህት ፀጋነሽ፣ ዓርብ ዓርብ ዋይፋያችሁ ሥራ ይበዛበታል፣ ምንድን ነው የምትልኩት?» ብሏት ስቆ ነበር። ያን ጊዜ ቀልድ መስሏት አለፈችው።

«የይኸነውን ነገር ለማን ነገርክ?» አለችው ሰላም ሳትለው።

ቢሻው ከተበታተነ ስልክ ላይ ቀና አለ። «የቱ ይኸነው?»

«ቀርቀሃ የሚሠራው።»

«ኧረ አሁን የማያውቀው የለም! እኔን ለይተሽ ምን አመጣሽ?»

«የመሬቱንም ነገር ሁሉ ሰው ያውቃል። መሬቱ ግን የእሱ አይደለም፣ ቢሻው። እኔ ነኝ በስሕተት ከስሙ ሥር ያስገባሁት። ወዲያው አጥፍቼዋለሁ። ያን ያየ ሰው፣ ሰነዱ በአየር ላይ ሲያልፍ ያየ ብቻ ነው።»

ቢሻው የብየዳውን ብረት አስቀመጠ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ጆሮው ቀላ።

«ፓስወርዳችሁን ነበር የፈለግሁት፤ ለዳታ ብዬ» አለ። «እምቢ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጎበዝ ነሽ፣ ጥሩ ፓስወርድ ነው። ኋላ አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ያመጣልኝን ነገር ሞከርሁ። ላፕቶፕሽ ወዲያው እጁን ሰጠ። እኔው ነኝ የደነገጥሁት! ከጥቅምት ወዲህ ሰው ሁሉ ዘግቶታል እኮ። የመሥሪያ ቤትሽ ሳይቀር ዝግ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞክሬዋለሁ።»

የመሥሪያ ቤቷን ማን እንደዘጋው ፀጋነሽ ታውቃለች።

«ለይኸነው እህት ባል ነው የነገርሁት» አለ ቢሻው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አብረን ቢራ ስንጠጣ። ለጨዋታ ነው። ሰውየውም ስቆ ነበር።»

«መጥተህ ለሽማግሌዎቹ ትናገራለህ?»

«አበድሽ እንዴ? ልታሳስሪኝ ነው?» ብረቱን መልሶ አነሣ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ያለ ክፋት ጠየቃት። «አንቺስ ትናገሪያለሽ?»

ቅዳሜ ዕለት ጉርድ ቀሚሷን በፌስታል ይዛ ወደ መናኸሪያው ወረደች። ጠርዙ የሚታጠፍ አልነበረም፤ ሰበብ ነበር። ከሚኒባሶቹ ጥሩንባና ከረዳቶቹ ጩኸት አጠገብ፣ በቆርቆሮው በረንዳ ሥር እትዬ አምሳለ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ወትሮ ሦስት አራት ሴት የሚቀመጥበት አግዳሚ ባዶውን ነው።

«ነይ የኔ እናት፣ ተቀመጪ» አሏት። «ወይስ ትፈሪያለሽ? ያየሽ ሁሉ ‹አምሳለ ነገረቻት› ይልሻል።»

ተቀመጠች። እትዬ አምሳለ ቀሚሱን ገለጥ አድርገው አዩትና ምንም ሳይሉ ጠርዙን በአዲስ መርፌ ያያይዙ ጀመር። የማያስፈልገው መሆኑን አይተዋል፤ አልጠየቁም።

«ገጽሽ ጠቁሯል። አትበዪም እንዴ? ነገሩ ላንቺም ከበደሽ አይደል፤ ከጎኔ ሆነሽ ስትጽፊ አይቼሻለሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላልሽም። አይዞሽ።»

ፀጋነሽ ‹አይዞሽ› የሚለው ቃል እንዲህ እንደሚያቃጥል አታውቅም ነበር።

«እኔኮ» አሉ እትዬ አምሳለ ማሽኑን እየገፉ፣ «ሁለት ሌሊት አሰብሁት። ማንም ያወጣው የለም፣ አንቺ አትናገሪም፣ እኔም አልተናገርሁም። እንግዲህ በእንቅልፌ ተናግሬ ይሆን ብዬ የወንድሜን ልጅ ጠየቅኋት፤ እሷ ናት አጠገቤ የምትተኛ። ‹በእንቅልፌ አወራለሁ ወይ?› ብላት፣ ‹እማማ አንዳንዴ ያጉተመትማሉ› አለችኝ።» ማሽኑን አቆሙት። «አሥራ አራት ዓመት የሰው ጉድ በሆዴ ይዤ፣ ለካ እያጉተመተምሁ ነበር።»

አሁን ነበር ጊዜው። አፏ ተከፍቶ ነበር። ‹እርስዎ አይደሉም› የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ። ከእነሱ ኋላ ግን ሌሎች ተሰልፈው ታዩዋት፦ የተሰረቀው ቅጂ፣ ማን እንደጫነው፣ ለምን እንዳልቀየረችው። ሰዎቹ ይህን ሲሰሙ የሚያደርጉትን ታውቃለች። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ከንፈራቸውን መጥጠው፣ «ምስኪን፣ የባሏ ናፍቆት ነው» ብለው ይምሯታል። የሞተውንም ሰው ስም ያነሡታል። ያን ስም ለማንም አፍ መስጠት አልፈለገችም።

ስለዚህ የሞተ ሰው ስም ይዛ፣ በሕይወት ያለች ሴት ስም ሲቀደድ ዝም አለች። ቀሚሱን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። እትዬ አምሳለ «ምሳ ብዪ» እያሉ ከኋላዋ ተጣሩ።

እሑድ ከጉባኤው በፊት፣ ለወትሮው ከፊት ወንበር የሚቀመጡት እትዬ አምሳለ መጨረሻ ወንበር ላይ ግድግዳውን ተጠግተው ተቀመጡ። ከጎናቸው ያለችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ምስጢር ከቦርሳ እንደሚሰረቅ ዓይነት። ፀጋነሽ አየች። መዝሙሩ እስኪያልቅ ቁጭ ማለት አቃታት፤ ግን ተቀመጠች፤ እስከ ቡራኬው ተቀመጠች። ከዚያ ጋሼ ፊልጶስን ፈልጋ «ሽማግሌዎቹን ይሰብስቡልኝ፣ አሁኑኑ» አለቻቸው።

አምስቱም ተቀምጠው ሰሟት። የረድፉን መንሸራተት፣ የዋይፋዩን ክፍተት፣ የቢሻውን ነገር በቅደም ተከተል ነገረቻቸው። ብዙውን አልተረዱትም፤ አንዱን ግን ያዙት፣ ፊታቸውም በራ።

«እንግዲህ የኔትወርክ ችግር ነው በይና!» አሉ ጋሼ ፊልጶስ፣ ሸክም እንደወረደላቸው ሁሉ። «ሰው አይደለም ማለት ነው። ተመስገን! በዪ ጻፊ፦ በኔትወርክ ችግር ምክንያት በተፈጠረ ስሕተት…»

ብዕሩ በእጇ ነበር። በዚያ ከተማ ይህች ቃል የማትሸፍነው ነገር የለም። ባንክ ሲዘጋ ኔትወርክ ነው። ደመወዝ ሲዘገይ ኔትወርክ ነው። ስልክ አላነሣ ያለ ወዳጅም ኋላ ሲገናኝ «ኔትወርክ የለም ነበር» ይላል፤ ሌላውም እሽ ይለዋል። ኔትወርክ የሚያፍርበት ሰው የለም። እትዬ አምሳለም ቁልፋቸውን ያገኛሉ፣ እሷም ቤቷ ትገባለች፣ ሁሉም ባለበት ይቀመጣል።

«አልጽፍም፣ ጋሼ» አለች። ድምጿ እንደማይወጣ ፈርታ ነበርና ከፍ ብሎ ወጣ። «ኔትወርኩ አይደለም። ክፍተቱን ከጥቅምት ጀምሮ አውቀዋለሁ። መድፈኛው በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ደፈንሁ፣ የእናንተን ተውሁት። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተሰረቀ ቅጂ ስለሆነ፣ ብነካው ይጋለጣል ብዬ።»

«የተሰረቀ?» አለ አንዱ ሽማግሌ። «እዚህ ቤት? ማን ነው የጫነው?»

ጋሼ ፊልጶስ ጢሞቲዎስን የቀበሩ ሰው ናቸው። ፀጋነሽን አንድ ጊዜ አዩና «እሱን አልጠየቅናትም» አሉ።

«ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ የተውሁትም እኔ ነኝ» አለች። ከዚህ ያለፈ አልተናገረችም። «እህት አምሳለ ይጠሩልኝ።»

እትዬ አምሳለ ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ጋሼ ፊልጶስ የሰሙትን በራሳቸው አነጋገር አሳጥረው ሲነግሯቸው ዓይናቸውን ከፀጋነሽ ላይ አላነሡም። ቁልፉ ወደ እሳቸው ተገፋ። አልነኩትም።

«ማሽኑን ተዪው፣ እሱ አይገባኝም» አሏት። «አንድ ነገር ንገሪኝ። ሐሙስ ዕለት ቁልፌን ሳኖር ታውቂ ነበር?»

«ይኸነው ስለ መሬቱ ሲናገር አወቅሁ።»

«ከእኔ በፊት ነው እሱ የተናገረው።»

«አዎ።»

«ትናንት ቀሚሱን ይዘሽ ስትመጪ?»

«ልነግርዎ ነበር የመጣሁት።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩዎትም።»

እትዬ አምሳለ ቀጥለው የተናገሩት እንደ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በቀለላት። «በእንቅልፌ እንዳጉተመተምሁ ስነግርሽ እያየሽኝ ነበር። እኔ ራሴን ስከስስ ተቀምጠሽ ሰማሽኝ። ጠላት እንኳ እንዲህ አይሰማም፣ ልጄ፤ ጠላት ቢያንስ ይስቃል።»

ፀጋነሽ ይቅርታ የሚለውን ቃል አዘጋጅታ መጥታ ነበር፤ አሁን ስታየው ትንሽ ሆነባት። ተናገረችው፤ ከአፏ ሲወጣም ትንሽ ነበር።

«ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ አምሳለ። ቁልፉን አነሡና ክሩን በጣታቸው ጠመጠሙት፤ አንገታቸው ላይ ግን አላደረጉትም። «ጥርባስ? የይኸነው አባት ዘንድ ያ የመሬት ውሸት እስከ አሁን እንዳለ ነው።»

«ነገ ከይኸነው ጋር እሄዳለሁ።»

«እኔም እሄዳለሁ። ደግፌሽ አይምሰልሽ። ስሜን እዚያም አንሥተውታል።»

ሰኞ ጠዋት ሦስቱ በሚኒባስ ሄደው ከመንገዱ ወረዱና በውርጩ ላይ በእግራቸው ወጡ። አያ ቢያድግልኝ ከቤታቸው ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የዘር ድንች ይለያሉ። ልጃቸውን አዩት፤ ሰላም አላሉትም፤ አልከለከሉትም። ከዚያ እትዬ አምሳለን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው።

«ወሬኛዋ አንቺ ነሽ?» አሉ በአማርኛ።

«እሳቸው አይደሉም፣ አባቴ» አለች ፀጋነሽ ቀድማ። «እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጆሮአቸው አስጠጉና ለእትዬ አምሳለ በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። እትዬ አምሳለ ወደ ፀጋነሽ ዞሩ። «በቋንቋዬ ይንገሩኝ፣ የከተማ አማርኛ ይፈጥንብኛል ይላሉ። አንቺ አታውቂም። ተናገሪ፣ እኔ እመልሰዋለሁ።»

ፀጋነሽ አጠር አጠር አድርጋ ተናገረች። ልጅዎ ስለ መሬት የጻፈው የለም። የሌላ ሰው ነገር ነው፤ እኔ ስጽፍ ተሳሳትሁ። የተጻፈውን ሰው እንዳያየው መዝጋት የእኔ ሥራ ነበር፤ እያወቅሁ አልዘጋሁም። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እትዬ አምሳለ ተቀብለው በአዊኛ አስተላለፉት። ያለዝቡት፣ ያክርሩት፣ ፀጋነሽ ማወቅ አልቻለችም። ፊታቸውን ብታይ ምንም የለበትም።

«እትዬ አምሳለ የልጅዎን ምስጢር አላወጡም» አለች በመጨረሻ። «የተወቀሱት በእኔ ዝምታ ነው።»

እትዬ አምሳለ እዚህ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ስለ ራሳቸው የተባለውን ራሳቸው፣ ከቀደሙት ይልቅ ቀስ ብለው፣ ተናገሩት። ፀጋነሽ ከማታውቃቸው ቃላት መካከል የእሳቸውን ስም ሰማች፤ ቀጥሎ የራሷን።

አያ ቢያድግልኝ ድንቹን አስቀመጡና ፀጋነሽን አዩአት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያዩአት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ልጃቸው መልሰው አንዲት አጭር ነገር ጠየቁት። የመሬቱ ጉዳይ እንዳልሆነ ከይኸነው ፊት ያስታውቃል። የመሬቱ ውሸት ተነሥቷል፤ ከሥሩ ያለው እውነት አሁን ብቻውን ቀርቷል። ይኸነው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከአባቱ እግር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በአዊኛ ይናገር ጀመር። በገዛ አፉ። እትዬ አምሳለ ይህንን አልተረጎሙላትም፤ እሷም አልጠየቀች።

ሽማግሌው እያዳመጡ፣ ልጃቸውን ሳያቋርጡ፣ በእግራቸው ሌላ በርጩማ ወደ እትዬ አምሳለ ገፋ አደረጉ። እትዬ አምሳለ ተቀመጡና የዘር ድንቹን አብረው ይለዩ ጀመር። ለፀጋነሽ ተቀመጪ ያላት የለም። ሂጂም ያላት የለም። በማታውቀው ቋንቋ አባትና ልጅ ሲነጋገሩ፣ እጆቿን የምታደርግበት አጥታ፣ እስኪጨርሱ ቆመች።